በዩስራ ሸረፈዲን የጎደለ ጥያቄ ላይ የተካሄደ አስቸኳይ ስብሰባ

የጀፕስታውንና አካባቢው ኢትዮጵያውያን መረዳጃ ማኅበር
የምረቃ ድግስ አስተባባሪ ኮሚቴ

ቀን፦ እሁድ፣ ኅዳር 21 ቀን 2018 ዓ.ም.

ቦታ፦ ጆሃንስበርግ፣ ጀፕስታውን፣ የሰብሳቢው የብርድ ልብስ መጋዘን፣ ፎቅ ላይ

ሰዓት፦ ስብሰባው የተጠራው ለስምንት ሰዓት ነው። አቶ ጁነይድ የፈረንጁን ስምንት ሰዓት መስሏቸው በጠዋት ስለመጡ፣ ሌሎቹ ከቀትር በኋላ ሲደርሱ ብርድ ልብስ ላይ እንቅልፍ ወስዷቸው ተገኝተዋል። ሰዓት በማክበራቸው ምስጋና ይቅረብላቸው አይቅረብላቸው በሚለው ላይ ከተመከረ በኋላ ሳይቀርብላቸው ታልፏል።

የተገኙ አባላት፦

አቶ ሸረፈዲን፣ ሰብሳቢ፤ የብርድ ልብስ ጅምላ ነጋዴና የተማሪ ዩስራ አባት
አቶ ደመቀ፣ ምክትል ሰብሳቢና የሽማግሌዎች ተጠሪ፤ የቀበቶና የጫማ ነጋዴ (ከጽዮን ማርያም ክብረ በዓል በቀጥታ በነጭ ልብስ የመጡ)
ወይዘሮ ኤርጎጌ፣ የድግስ ክፍል ኃላፊ፤ መጋረጃ ሰፊ
አቶ ጁነይድ፣ የሕዝብ ግንኙነት፤ የስልክ ዕቃ ነጋዴ
አቶ አምላኩ፣ ጸሐፊ፤ በአገር ቤት የወረዳ ጽሕፈት ቤት ሠራተኛ የነበረ፣ በዚሁ ጥፋት ለጸሐፊነት የተመረጠ

በተጨማሪ የተገኘች፦ ተማሪ ዩስራ ሸረፈዲን፣ ጉዳዩ የሚመለከታት ስለሆነ ድምፅ የሌላት

ያልተገኙ፦ አቶ ቲቶ። የማኅበሩ ብቸኛ ካቶሊክ ስለሆኑ የካቶሊኮቹን ነገር ያስረዱናል ተብሎ ይህ ስብሰባ በዋናነት ለእሳቸው ሲባል ተጠርቶ ነበር። ነገር ግን እሁድ ስለሆነ ቤተ ክርስቲያን ናቸው።

ከስድስት አባላት አምስቱ ስለተገኙ ምልዓተ ጉባኤው ተሟልቷል።

አጀንዳ 1፦ ልጅቱ ለምን እንደማትመረቅ መረዳት

ሰብሳቢው ሲከፍቱ፣ ልጃቸው ዩስራ በቅድስት ፐርፔቱዋ ኮሌጅ የአካውንቲንግ ትምህርቷን መጨረሷን፣ ከማኅበሩ ልጆች ዲግሪ በመያዝ የመጀመሪያዋ እንደምትሆን፣ አዳራሽ መከራየቱን፣ በግ መታዘዙን፣ ዘመድ ከደርባንና ከፖሎክዋኔ መጠራቱን፣ ከምረቃው ማግሥት ጀምሮ የመጋዘኑን ሒሳብ እሷ እንደምትረከብ ለነጋዴው ሁሉ መነገሩን ገልጸዋል። ይህ ሁሉ ካለቀ በኋላ ኮሌጁ «አንድ ይቀራታል» ብሏል። አንድ ምን ተብሎ ሲጠየቅ «አንድ ጥያቄ» የሚል መልስ ሰጥቷል። ሰብሳቢው በዕድሜያቸው መልስ ጎድሎት የወደቀ ተማሪ ማየታቸውን፣ ጥያቄ ጎድሎት የወደቀ ግን ሰምተውም እንደማያውቁ ተናግረዋል።

ተማሪ ዩስራ እንድታስረዳ ተፈቅዶላት ተከታዩን አስረድታለች። ኮሌጁ የካቶሊኮች ነው። ተማሪው ምንም ይማር ምን «የጋራ ትምህርት» የሚሉትን ሳይወስድ አይመረቅም። እነዚህም ሥነ መለኮት፣ ፍልስፍና፣ ሥነ ምግባር፣ ታሪክ፣ ሥነ ጽሑፍ፣ አንድ የተፈጥሮ ሳይንስ፣ እንዲሁም ሙዚቃ ወይም ሥዕል ናቸው። እሷ ሁሉንም አልፋለች። የቀራት የመጨረሻው «የጥያቄ ቀን» ይባላል። ተማሪው በመምህራኑና በቤተሰቡ ፊት ይቆምና አንድ ጥያቄ ያቀርባል። ጥያቄው የራሱ መሆን አለበት፤ መልሱንም የማያውቀው መሆን አለበት።

አቶ ጁነይድ በዚህ ላይ ጠንከር ያለ አስተያየት ሰጥተዋል። «ኤሽ! እኛ ለሒሳብ ልከናት እነሱ ኮከብ ሲያስቆጥሯት ከርመዋል» ብለዋል። በሱቃቸው ውስጥ ለዘጠኝ ዓመት ሲሠሩ ስለ ኮከብ የጠየቀ ደንበኛ እንደሌለም በማስረጃነት አቅርበዋል። ወይዘሮ ኤርጎጌ ዩስራ ለሥዕል ትምህርቱ እሳቸውን ስላ እንደነበር፣ ሥዕሉ ከመምህሩ ከፍተኛ ምስጋና ቢያገኝም እሳቸው በአፍንጫው ላይ እስካሁን ቅሬታ እንዳላቸው አስመዝግበዋል።

አቶ ደመቀ የበለጠ ያሳሰባቸው ሥነ መለኮቱ መሆኑን ገልጸዋል። የእስላም ልጅ መነኩሴ ዘንድ ሄዳ ሥነ መለኮት ስትማር አባቷ እንዴት ዝም አሉ ሲሉ ጠይቀዋል። ሰብሳቢው ልጃቸው በሥነ መለኮት ከክፍሉ አንደኛ መውጣቷን በኩራት መልሰዋል። አቶ ደመቀም ይህን ሲሰሙ ሐሳባቸውን ቀይረው፣ እንግዲያውስ ስለ ክርስቶስ ባሕርይ ምን ብለው እንዳስተማሯት እዚሁ እንድትናገር ጠይቀዋል። ተማሪ ዩስራ ይህ ጉዳይ ከዚህ ቀደም ኬልቄዶን በተባለ ቦታ በተደረገ ስብሰባ ተነሥቶ መግባባት ላይ እንዳልተደረሰ አስረድታለች። ሰብሳቢው ስብሰባው መቼ እንደነበር ጠይቀው ሲነገራቸው፣ ሌላ ማኅበር ያበላሸውን ስብሰባ እኛ አናቃናም በማለት ነጥቡን ዘግተዋል። አቶ ደመቀ ቅር መሰኘታቸው በቃለ ጉባኤ እንዲያዝላቸው ጠይቀው ተይዞላቸዋል።

ከረዥም ውይይት በኋላ፣ ድግሱ ምረቃ ኖረም አልኖረም እንዲደረግ በሙሉ ድምፅ ተወስኗል። ባነሩ ላይ «እንኳን ተመረቅሽ» የሚለው አስቀድሞ ስለታተመ፣ «እንኳን ለመመረቅ ተቃረብሽ» ተብሎ በማርከር እንዲስተካከል አቶ ጁነይድ ኃላፊነት ተሰጥቷቸዋል።

አጀንዳ 2፦ የሽማግሌዎች ሪፖርት

አቶ ደመቀ ቆመው ሪፖርት አቅርበዋል። ባለፈው ሐሙስ እሳቸውና ወይዘሮ ኤርጎጌ ለሽምግልና፣ ዩስራ ደግሞ ለአስተርጓሚነት፣ ወደ ኮሌጁ ሄደው የትምህርቱን ኃላፊ ሲስተር ታንዴካን አነጋግረዋል። ሴት ለሽምግልና ትሄዳለች ወይ የሚል ጥያቄ ከመሄዳቸው በፊት ተነሥቶ፣ የምትለመነውም ሴት ናት ተብሎ ነበር። ለእጅ መንሻ ከመጋዘኑ የአንበሳ ምስል ያለበትን ወፍራሙን ብርድ ልብስ ይዘው ሄደዋል። ወቅቱ እዚህ አገር በጋ ስለሆነ ሲስተር ብርድ ልብሱን አቅፈው ሲያመሰግኑ ላብ እንዳጠመቃቸው አቶ ደመቀ ተመልክተዋል።

ሲስተር «ተቀመጡ» ሲሏቸው አቶ ደመቀ በወጉ መሠረት «የመጣንበት ካልተፈጸመልን አንቀመጥም» ብለው ቆመዋል። ዩስራ ይህን በአጭሩ ተርጉማለች። ሲስተር ወዲያው ሌሎች ወንበሮች አስመጥተዋል። ሽማግሌዎቹ አሁንም አልተቀመጡም። በሦስተኛው ከጸሎት ቤቱ ባለ ትራስ ወንበር በሁለት ሠራተኞች ሸክም መጥቷል። አቶ ደመቀ ንግግራቸው በትክክል ተተርጉሞ ከነበረ ወንበሩ ለምን እንደተቀያየረ እስከ ዛሬ እንዳልገባቸው ተናግረዋል። ወይዘሮ ኤርጎጌ በሦስተኛው ወንበር ላይ በመቀመጣቸው የሽምግልናው አቋም እንደላላም በቅሬታ ገልጸዋል። ወይዘሮ ኤርጎጌ ወንበሩ ጥሩ ወንበር እንደነበር መልሰዋል።

ከዚያ አቶ ደመቀ ልመናውን አቅርበዋል። ልጅቱ እናት የሌላት መሆኑን፣ የአባቷን ድካም፣ የሰው አገር ሰው ሆኖ ማሳደግ ምን እንደሚመስል፣ ድር ቢያብር አንበሳ እንደሚያስር፣ የሽማግሌ እግር ባዶውን እንደማይመለስ ሁሉ ዘርዝረዋል። ሲጨርሱም መነኩሲቱን «ልጆችዎ ይደጉልዎ» ብለው መርቀዋል። ዩስራ ይህን ሁሉ በሦስት ቃል ተርጉማ ጨርሳለች። አቶ ደመቀ እንግሊዝኛ ይህን ያህል አጭር ቋንቋ መሆኑን አያውቁም ነበር።

ሲስተር በበኩላቸው ዩስራን ዓይን ዓይኗን እያዩ ረዘም ላለ ጊዜ ተናግረዋል። ዩስራም «ሕጉ ለሁሉም እኩል ነው፤ ጳጳስ ቢያማልድም አይቀርም፤ ጥያቄ ከሌላት አትመረቅም ነው የሚሉት» ብላ ለሽማግሌዎቹ ተርጉማለች።

ሰብሳቢው ሽማግሌዎቹን አመስግነዋል። ከረዥም ውይይት በኋላ፣ ሽማግሌዎቹ በአዲስ ጉልበት ለሁለተኛ ጊዜ እንዲሄዱ፣ አንበሳው ያልሠራው ምናልባት ትንሽ ስለሆነ ይሆናልና በዚህኛው ጉዞ ሁለት ነብር ያለበት ትልቁ ብርድ ልብስ እንዲያዝ፣ ወይዘሮ ኤርጎጌም ምንም ዓይነት ወንበር ቢቀርብ እንዳይቀመጡ ተወስኗል። ወይዘሮ ኤርጎጌ ድምፅ ሳይሰጡ ቀርተዋል።

አጀንዳ 3፦ የጎደለውን ጥያቄ ማዘጋጀት

ሰብሳቢው አንዲት ልጅ አንድ ጥያቄ አጥታ ስትቸገር ይህን ያህል ሰው ያለው ማኅበር ቆሞ ማየት እንደሌለበት አሳስበዋል። አባላት ጥያቄ እንዲያዋጡ፣ መልሱን አንድም አባል የማያውቀው ጥያቄ እንዲመረጥ፣ የተመረጠውን ዩስራ በቃሏ ይዛ እንድትቀርብ ሐሳብ አቅርበው ተቀባይነት አግኝተዋል። ተማሪ ዩስራ ጥያቄው የራሷ መሆን እንዳለበት ለማስታወስ እጇን አውጥታለች። ድምፅ እንደሌላት ተነግሯታል።

በመጀመሪያ አቶ ጁነይድ ስለ አገሩ ገንዘብ «ራንድ መቼ ነው የሚጠነክረው?» የሚለውን አቅርበዋል። አቶ ደመቀ መልሱን እንደሚያውቁ፣ እሱም «አይጠነክርም» መሆኑን በመግለጻቸው ጥያቄው ወድቋል። አቶ ጁነይድ ቀጥለው «የመኖሪያ ወረቀታችን የሚታደሰው መቼ ነው?» ብለዋል። ለዚህ ደግሞ ሰብሳቢው «ነገ ተመለሱ» የሚለውን መልስ ሁሉም አባል በቃሉ ስለሚያውቀው ይህም አልሆነም ብለዋል።

አቶ ደመቀ ከበድ ያለ ጥያቄ ያስፈልጋል በማለት «ሰው ከሞተ በኋላ ወዴት ይሄዳል?» የሚለውን አቅርበዋል። ሰብሳቢው መልሱን እንደሚያውቁ ተናግረዋል። አቶ ደመቀ እሳቸውም እንደሚያውቁ ተናግረዋል። ሁለቱ መልሶች የማይገናኙ ሆነው ቢገኙም፣ መልሱን የማያውቅ አባል ስላልተገኘ ጥያቄው ውድቅ ሆኗል። አቶ ደመቀና ሰብሳቢው መልሶቻቸውን እስኪያስረዱ ድረስ ስብሰባው ለጥቂት ጊዜ ዘግይቷል።

ወይዘሮ ኤርጎጌ «ወንዶች ስብሰባ ለምን ይወዳሉ?» የሚል ጥያቄ አቅርበዋል። መልሱ የታወቀ ነው ተብሎ በሦስት አባላት ቢነገርም መልሱን የሚናገር አልተገኘም። ሆኖም ለኮሌጅ የሚመጥን አይደለም ተብሎ በሦስት ለአንድ ወድቋል። ጸሐፊው ድምፀ ተአቅቦ አድርጓል።

ሰብሳቢው በመጨረሻ ከሙያቸው አንጻር «ብርድ ልብስ በበጋ ረክሶ በክረምት ለምን ይወደዳል?» የሚለውን ካቀረቡ በኋላ፣ መልሱን ራሳቸው ስለሚያውቁት ራሳቸው ጥለውታል።

ከረዥም ውይይት በኋላ፣ ማኅበሩ መልሱን የማያውቀው ምንም ጥያቄ እንደሌለው ተረጋግጧል። ይህም በማኅተም በተደገፈ ደብዳቤ ለኮሌጁ እንዲገለጽ፣ ኮሌጁም ይህን ከግምት አስገብቶ ልጅቱን እንዲያስመርቅ በሙሉ ድምፅ ተወስኗል።

አጀንዳ 4፦ ልዩ ልዩ

ሰብሳቢው ልዩ ልዩ ጉዳይ ያለው አለ ወይ ብለው ጠይቀው ለመዝጋት ሲዘጋጁ ወይዘሮ ኤርጎጌ እጃቸውን አውጥተዋል። ኮሌጁ ውስጥ የተባለው እዚህ ከተነገረው ጋር እንደማይገጥም፣ መጋረጃ የሚሸጡላቸው ደንበኞች እንግሊዝኛ እንዳስተማሯቸው፣ እስካሁን ዝም ያሉትም ልጅቱ ራሷ ትናገራለች ብለው መሆኑን ገልጸዋል። የተናገሩት ቃል በቃል እንዲጻፍ ስለጠየቁ እንደሚከተለው ተጽፏል፦

«ጋሽ ደመቀ፣ አንቀመጥም ሲሉ ዩስራ ለሲስተሯ ‹ወንበሩ አልተመቻቸውም› ነው ያለቻቸው። እሱስ ይሁን። ሲስተሯ ግን ልጅቷ ጥያቄ የላትም አላሉም። ሦስት ጊዜ ቀን ተቆርጦላት ሦስት ጊዜ ቀርታለች ነው ያሉት። ጥያቄው አላት። አባቴ በሌለበት ልጠይቅ እያለች ትለምነኛለች፤ እኔ ደግሞ ቤተሰብ ከሌለ አይሆንም እላታለሁ ነው ያሉት።»

ከሪፖርታቸው ጀምሮ ቆመው የነበሩት አቶ ደመቀ ይህን ሲሰሙ ተቀምጠዋል።

ሰብሳቢው ልጃቸውን እውነት ነው ወይ ብለው ጠይቀዋል። እውነት ነው ብላለች። ሰብሳቢው ሳቅ ብለው፣ እንዲያውም ይህ ነገሩን እንደሚያቀለው ገልጸዋል። ጥያቄው ካለ እዚሁ ትጠይቅ፣ እኛም እዚሁ እንመልስላት፣ በዚያው ትገላገል፤ ኮሌጁም ጥያቄው መልስ አግኝቷል ተብሎ ይነገረው የሚል ሐሳብ አቅርበዋል። አቶ ጁነይድ ደግፈዋል። ለተማሪ ዩስራ ድምፅ ባይሰጣትም ዕድል ተሰጥቷታል።

ከዚህ በኋላ ያለው ንግግር በሪፖርት መልክ ሊጻፍ አልተመቸም፤ ስለዚህ ጸሐፊው እንደሰማው ጽፎታል።

ዩስራ፦ «አባ፣ ሳሎን ያለው ሶፋ ላይ ያለው ላስቲክ መቼ ነው የሚነሳው?»

አባላቱ ሥቀዋል። አቶ ጁነይድ ለረዥም ጊዜ ሥቀዋል።

ሰብሳቢው፦ «ለዚህ ነው እንዴ ሲስተሯን ያስቸገርሻት! አገር ስንገባ ነዋ። ጭነነው ስንሄድ እንዳይበላሽ ነው።»

«አገር የምንገባው መቼ ነው?»

«አንቺ ስትመረቂ።»

«ማትሪክ ስጨርስ ነበር ያልከው። ከዚያ በፊት ደግሞ መጋዘኑ እግር ሲተክል። ከዚያ በፊት ደግሞ ስምንተኛ ክፍል ስደርስ።»

«ኑሮ ነው ልጄ። ይገፋል። የአንቺ ጥፋት አይደለም፣ የእኔም አይደለም።»

«አውቃለሁ አባ። ጥፋት ፍለጋ አይደለም የምጠይቅህ።»

አቶ ደመቀ በዚህ ጊዜ ጥያቄው ተመልሷል ይባል ወይ ብለው ሰብሳቢውን ጠይቀዋል። ልጅቱ ቀጥላለች።

«እማ ታማ ሳሎን በተኛች ጊዜ ላስቲኩ ይቀዘቅዘኛል አለችህ። አንተ ብርድ ልብስ አነጠፍክላት። አሁንም ይቀዘቅዘኛል አለች፤ ሌላ ደረብክ። ከመጋዘኑ ለማንም ያልሸጥከውን፣ ገና ያልተፈታውን አምጥተህ አነጠፍክላት። ስትገላበጥ ከሥር እየተንኮሻኮሸ እንቅልፍ ነሳኝ ትልህ ነበር። እንደ አንተ ያለ አስታማሚ አላየሁም። ሱቅ ዘግተህ ከአጠገቧ ነበርክ፤ በእጅህ ነበር የምታበላት። ላስቲኩን ግን አላነሳኸውም። አንድ ደቂቃ የማይፈጅ ነገር ነበር። እኔም አጠገቡ ቆሜ ነበር፤ እኔም አላነሳሁትም። እንዴት ሁለታችንም አላነሳነውም? እሷ እዚሁ ናት የተቀበረችው። ሶፋውን ግን አሁንም ጭነን ልንሄድ ነው። መልሱን አላውቀውም አባ። ፍልስፍና ክፍል ሄጄ ፈለግሁት፤ ሥነ መለኮት ክፍል ፈለግሁት። አንተ ፊት ካልሆነ አይሆንም አሉኝ፤ አንተ ፊት ደግሞ አቃተኝ።»

ከዚህ በኋላ ውይይት አልተደረገም።

አባላቱ የተቀመጡት ባልተፈቱ የብርድ ልብስ እሽጎች ላይ ስለነበረ፣ አንድ ሰው ትንሽ ቢንቀሳቀስ ላስቲኩ ይንኮሻኮሽ ነበር። ስለዚህ ማንም አልተንቀሳቀሰም። ከታች መንገዱ ላይ ታክሲዎች ጡሩንባ ሲነፉ ይሰማ ነበር።

ከቆይታ በኋላ ወይዘሮ ኤርጎጌ የእሳቸውም ሶፋ ላስቲክ እንዳለው፣ እንዳይታይ ብለው ከላዩ ጨርቅ ሰፍተው እንዳለበሱት ተናግረዋል። አቶ ደመቀ የእሳቸው ቤት የምግብ ጠረጴዛ ወንበሮች ስድስቱም እንደተሸፈኑ መሆናቸውን፣ ልጆቻቸው ራታቸውን ቆመው የሚበሉት በፈረንጅ አመል ይመስላቸው እንደነበር ገልጸዋል። አቶ ጁነይድ አዲስ ሙሽራ በመሆናቸው ሶፋቸው ገና ከሱቅ አልመጣም። ሲመጣ ምን ማድረግ እንዳለባቸው ማኅበሩን ጠይቀዋል።

ሰብሳቢው መነጽራቸውን አውልቀው በሸሚዛቸው ጫፍ ሲጠርጉ ቆይተዋል። ከዚያም «አላውቅም» ብለዋል።

ጸሐፊው በትክክል ሰምቶ እንደሆነ ለማረጋገጥ ጠይቋል። ሰብሳቢው «አላውቅም ነው ያልኩት» ብለዋል። ይህ ቃል በማኅበሩ ቃለ ጉባኤዎች ውስጥ በሰብሳቢ ሲነገር የመጀመሪያው ስለሆነ በምን አኳኋን እንደሚመዘገብ ደንቡ አይናገርም። አቶ ደመቀ ለሰብሳቢው ክብር ሲባል «ጥያቄው ለተጨማሪ ጥናት ተይዟል» ተብሎ እንዲጻፍ ሐሳብ አቅርበዋል። ሰብሳቢውም በመጀመሪያ በዚሁ ተስማምተው ጸሐፊው እንደዚያ ጽፎ ነበር። ጥቂት ቆይተው ግን «ተወው አምላኩ፣ እንዳልኩት ይሁን» ስላሉ ተሰርዞ እንዳሉት ሆኗል።

ቀጥለው ሰብሳቢው ወደ ልጃቸው ዞረው ተከታዩን ተናግረዋል፦ «ላስቲኩን ባነሳው የማንሄድ መሰለኝ። እሷም ድና የማትነሳ መሰለኝ። እኔ እንጃ። እንደዚያ አሰብኩ ልበል? ያኔ ማሰብ የሚባል ነገር ነበረኝ?»

ዩስራ «እኔም እንደዚያ መሰለኝ» ብላለች። ወይዘሮ ኤርጎጌ ውኃ አምጥተው ለሁለቱም ሰጥተዋል።

የስብሰባው የመጨረሻ ውሳኔ

አቶ ደመቀ የሥነ ሥርዓት ጥያቄ አንሥተዋል። ማኅበሩ መልሱን የማያውቀው ጥያቄ የለውም ተብሎ በአጀንዳ ሦስት በሙሉ ድምፅ ተወስኗል፤ አሁን ግን አንድ ጥያቄ ተገኝቷል። ደብዳቤው እንዲህ እያለ በማኅተም ከተላከ ማኅበሩን ሐሰተኛ ያደርገዋል ብለዋል። በመሆኑም ደብዳቤው እንዳይጻፍ ተወስኗል።

ደብዳቤው ካልተጻፈ ልመናው በምን ይደገፋል ተብሎ ሲጠየቅ፣ ልመናው ራሱ አስፈላጊ አለመሆኑ ተስተውሏል። ስለዚህ የሽማግሌዎቹ ሁለተኛ ጉዞ ተሰርዟል። ሁለቱ ነብሮች ወደ መደርደሪያቸው ይመለሳሉ። አንበሳው ከሲስተር ዘንድ ይመለስ ወይ የሚል ሐሳብ በአቶ ጁነይድ ቀርቦ፣ ነውር ነው ተብሎ ታልፏል።

ወይዘሮ ኤርጎጌ ድግሱ ጥያቄው ተጠይቆ ልጅቱ ስትመረቅ ብቻ እንዲሆን፣ ካልሆነ ለባዶ ነገር በግ እንደማይታረድ አሳስበዋል። በዚህም መሠረት ድግሱ ምረቃ ኖረም አልኖረም ይደረግ የተባለው ተሽሯል። አቶ ጁነይድ ባነሩን ከስብሰባው በፊት ብርድ ልብሱ ላይ እንቅልፍ ሳይወስዳቸው በራሳቸው ተነሣሽነት በማርከር አርመው መጨረሳቸውን አሳውቀዋል። ምን ብለው እንዳረሙት ሲጠየቁ «እንኳን ደስ አለሽ መሰለኝ» የሚል እንደሆነ ተናግረዋል። ለጊዜው ተጠቅልሎ እንዲቀመጥ ተወስኗል።

ልጅቱ ከምረቃው ማግሥት የመጋዘኑን ሒሳብ ትረከባለች ተብሎ ለነጋዴው የተነገረውን በተመለከተ፣ ይህ በኮሚቴው ሳይሆን በአባትየው የተወሰነ ስለሆነ ኮሚቴው ሊሽረው እንደማይችል ጸሐፊው አስረድቷል። ሰብሳቢው «እሱንም ጨምረው» ብለዋል። ከተሻሩት ጋር ተጨምሯል። የመጋዘኑን ሒሳብ ማን ይይዛል ተብለው ሲጠየቁ ሰብሳቢው እንደማያውቁ ተናግረዋል፤ ይህም እንዳለ ተመዝግቧል።

ስለዚህ ከአጀንዳ አንድ እስከ ሦስት በሙሉ ድምፅም ሆነ በአብላጫ ድምፅ የተወሰነው ሁሉ እንዳልተወሰነ እንዲቆጠር በሙሉ ድምፅ ተወስኗል። ተማሪ ዩስራ ድምፅ ባይኖራትም እጇን አውጥታ ስለነበር ተቆጥሮላታል።

ሰብሳቢው ከመዝጋታቸው በፊት አንድ ነገር ልጠይቅ ብለው ተፈቅዶላቸዋል። የጥያቄው ቀን መቼ እንደሆነ ልጃቸውን ጠይቀዋል። ረቡዕ ብላለች። ቤተሰብ የሚቀመጠው የት እንደሆነ ጠይቀዋል።

«ከፊት ነው አባ።»

«ከኋላ ቢሆንስ? በሩ አጠገብ።»

«ከፊት ነው። ግዴታ ነው።»

«ከጋራ ትምህርቱ አንዱ ነው በይኛ።»

«አዎ።»

ሰብሳቢው ግዴታ ከሆነ ከፊት እንደሚቀመጡ አረጋግጠዋል። ለረቡዕ ሱቃቸውን እንደሚዘጉ አቶ ደመቀና ወይዘሮ ኤርጎጌ በየተራ ተናግረዋል። አቶ ጁነይድ ሰዓቱ የማን ሰዓት እንደሆነ አስቀድሞ በጽሑፍ እንዲነገራቸው ጠይቀዋል።

ስብሰባው ከቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ተዘግቷል። በዚህ ስብሰባ የጸና ውሳኔ የለም።